ክርክር፦ የዲኤክስ 7 ድምፅ ከሞባይል ይወጣል?

ያማሃ ዲኤክስ 7 የተባለው ኪቦርድ በፈረንጆቹ 1983 ወጣ። ኤፍኤም በሚባለው ዘዴ ድምፅ ይፈጥራል። ዛሬ ያንኑ ድምፅ በስልክ እናወጣለን የሚሉ አፖች አሉ። እውነት ያወጡታል? ሁለት የወሎ ሙዚቀኞች ተከራክረዋል። አንዱ ደሴ ላይ ሠርግ ሲያደምቁ የኖሩ ኪቦርዲስት ናቸው። ሌላው ኮምቦልቻ ሆኖ ዘፈን የሚያቀናብር ወጣት ነው።

የደሴው፦ ዕቃው 14 ኪሎ ይመዝናል። ከደሴ ሐይቅ በሚኒባስ ጣሪያ ስንቴ እንደወሰድኩት አላስታውስም። የተሸከምኩት ለጣቴ ስል ነው። እዚህ ዕቃ ላይ ጠንከር አድርገህ ስትመታ ድምፁ መጨመር ብቻ ሳይሆን መልኩም ይቀየራል። የኤሌክትሪክ ፒያኖውን ውሰድ። በስሱ ስትነካው ለስላሳ ነው። ጠንከር ስትል ከላዩ ብርጭቆ ለብርጭቆ እንደ ማጋጨት ቅጭል የሚል ነገር ይመጣል። ሙሽራዋ ስትገባ ሰውን የማስለቅሰው በዚያች ነው። የስልክ መስታወት የጣቴን ጉልበት ከየት ያውቀዋል?

የኮምቦልቻው፦ ጋሼ፣ የእርስዎን እጅ አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ጨፍሬበታለሁ። ግን ያቺ ቅጭልታ ከየት እንደመጣች እንይ። በ1967 ስታንፎርድ ውስጥ ጆን ቻውኒንግ የሚባል ሰው የአንድን ድምፅ ንዝረት እያፈጠነ ይሞክር ነበር። ንዝረቱ በጣም ሲፈጥን ጆሮው ንዝረት መስማቱን ተወና አዲስ ቀለም ያለው ድምፅ ሰማ። ኤፍኤም ማለት ይኼው ነው፤ አንዱ ሞገድ ሌላውን ያንቀጠቅጠዋል። ዲኤክስ 7 ስድስት ሞገዶች አሉት፤ ኦፕሬተር ይባላሉ። ማን ማንን እንደሚያንቀጠቅጥ የሚወስኑ 32 አደራደሮችም አሉት። በዚያ በታወቀው ፒያኖ ውስጥ አንዱ ኦፕሬተር ከሚያንቀጠቅጠው 14 እጥፍ ይፈጥናል። ቅጭል የምትለው እሷ ናት። ጠንክረው ሲመቱ እሷ ትበረታለች። ቁጥር ነው ጋሼ፣ ከመጀመሪያውም ቁጥር ነበር። አናሎግ፣ ማለትም በቁጥር የማይሠራ ዕቃ ቢሆን ሌላ ነገር ነው። ይኼን ግን ቁጥሩን ከሰጡት ስልክም ያሰላዋል። ለጣትዎ ደግሞ የምትዎን ጉልበት በቁጥር ለስልኩ የሚነግር ትንሽ ሚዲ ኪቦርድ፣ ከስልክ ጋር በሚያገናኘው በኦቲጂ ገመድ መሰካት ነው።

የደሴው፦ ኪቦርድ ከገዛህ፣ ገመድ ከገዛህ፣ ሞባይል ብቻ ይበቃል የሚባለው የታለ? ደግሞ ሒሳቡ አንድ ቢሆን መውጫው አንድ አይደለም። የእኔው ዕቃ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚቀይረው በ12 ቢት፣ ማለትም ከዛሬው ባነሰ ጥራት ነው። ኖታው እየሞተ ሲሄድ ሻካራ ነገር ይሰማል። ያ ሻካራነት ከማሲንቆው የፈረስ ጭራ ጋር ይዋሃዳል። የአፑ ድምፅ ታጥቦ የተሰጣ ልብስ ነው። መዘግየቱስ? ከበሮው ከመታ በኋላ ኖታው ከተከተለ እስክስታው ይበላሻል።

የኮምቦልቻው፦ በመዘግየቱ አልከራከርዎትም። ርካሽ አንድሮይድ ላይ ይዘገያል፤ እኔንም አናዶኛል። ሻካራነቱን ግን ዴክስድ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አስቦበታል። የድሮውን ዕቃ የሚመስል አሠራር መርጠው መክፈት ይችላሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ቅኝቱ ነው። ባቲና አምባሰል ስማቸው ከእኛው አገር ነው። የማሲንቆ ተጫዋቹ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ግን ሁልጊዜ ከፒያኖ ቁልፍ ጋር አይገጥምም። የመጀመሪያው ዲኤክስ 7 ቁልፍ በቁልፍ ቅኝት ማስተካከል አይችልም፤ ያ የመጣው ዘግይቶ በወጣው ሁለተኛው ትውልድ ነው። ዴክስድ ግን ራሴ የሠራሁትን የቅኝት ፋይል ይቀበለኛል።

የደሴው፦ ዴክስድ የኮምፒውተር ነው። የምንከራከረው ስለ ሞባይል ነው።

የኮምቦልቻው፦ ልክ ነዎት። ድምፁን የሚያሰላው ሞተሩ ግን የተወሰደው መጀመሪያ ለአንድሮይድ ከተጻፈ ክፍት ኮድ ነው። እሱን እንተወውና ስለ ዋሽንትዎ ልጠይቅዎት። እርስዎ የሠሩት የዋሽንት ድምፅ የት ነው ያለው?

የደሴው፦ ዕቃው ውስጥ ነዋ። አንድ ክረምት ሙሉ ነው የሠራሁት። ደሴ ጉም ለብሳ፣ እኔ ባለ ሁለት መስመሯ ማያ ላይ አፍጥጬ፣ አንዲት ቁጥር ቀይሬ እሰማለሁ፤ እንደገና እቀይራለሁ። መነሻው ላይ ያለውን ትንፋሽ ለማግኘት ብቻ ሳምንታት ፈጀብኝ።

የኮምቦልቻው፦ ያንን ትንፋሽ ይዞት ያለው ቦርዱ ላይ የተበየደ አንድ ትንሽ ባትሪ ነው። ባትሪው የሞተ ቀን ዋሽንቱም ይጠፋል። ዕቃው የሚያስቀምጣቸው 32 ድምፆች ተደምረው 4 ኪሎባይት ገደማ ናቸው፤ ከአንድ ፎቶ እጅግ ያንሳሉ። በሚዲ ገመድ ማውጣት ይቻላል። አይፎን ላይ ኬኪው ዲክሲ የሚባለው አፕ ያንኑ ፋይል ይከፍተዋል። ጋሼ፣ እኔ ዕቃውን ይጣሉት አላልኩም። ዋሽንቱ እንዳይሞት ነው የምለምንዎት።

የደሴው፦ የባትሪው ነገር እኔንም እንቅልፍ ይነሳኛል። ሠርግ ላይ አሁንም የምወጣው በዕቃዬ ነው፤ እሱን አትንካብኝ። እሁድ ግን ገመዱን ይዘህ ና። ዋሽንቱን ቅዳው። ስልክህ ላይ ስትከፍተው አጠገብህ ቆሜ እሰማለሁ። መነሻው ላይ ትንፋሹ ከጎደለ እነግርሃለሁ።