ከቦሌ ስለተመለሰችው ልጅ ለወሎ ወገኖቼ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ተቆጥቼ ነው። ቁጣዬ ሥልጣን በያዙት ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለእነሱ በጻፍሁ ነበር፤ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ያንገበገበኝ የእኛ የራሳችን ዝምታ ነው።

ደሴ፣ እኛ ሰፈር፣ አንዲት የጎረቤት ልጅ ባለፈው ጥቅምት ከቦሌ ተመለሰች። ቪዛዋ የተመታ፣ ትኬቷ የተቆረጠ ነበር፤ ክስ የለባትም፣ ዕዳ የለባትም፣ ፖሊስም አይፈልጋትም። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰው ወዴትና ለምን እንደምትሄድ ጠየቃት፤ መለሰችለት፤ ወደ ጎን ቁሚ አላት፤ አውሮፕላኑ እስኪነሣ ድረስ ካቆማት በኋላም አትሄጂም አላት። ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ ብትል የሚሰማት አላገኘችም። ደሴ የገባችው የሰፈር ሰው እንዳያያት ሲመሽ ጠብቃ ነው። ሻንጣዋ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ በተጠቀለለበት ፕላስቲክ እንደታሸገ እናቷ አልጋ ሥር ሦስት ሳምንት ቆየ፤ ለመንገድ የተዘጋጀው በሶና በርበሬም ከውስጡ አልወጣም።

በማግሥቱ እዚያው ቤት ቡና ተፈላ። ከአቦሉ እስከ በረካው ተቀምጬ የሰማሁት ጥያቄ «ምን አድርጋ ይሆን?» የሚል ብቻ ነበር። «መንግሥት እኮ ዝም ብሎ ሰው አይመልስም» ያሉት ደግሞ በዕድሜም በምክርም የምናከብራቸው ሰው ናቸው። ልጅቱ ጓዳ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማ ነበር። የከለከላት ማን ነው፣ በየትኛው ሕግ፣ በየትኛው ፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልተገኘም፤ እኔም አልጠየቅሁም፣ ይህም እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከሀገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ይናገራል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 12 ይህንኑ ያጸናል፤ ገደብ ካስፈለገም በሕግ የተደነገገ፣ ለሀገር ደኅንነት፣ ለሕዝብ ሰላም፣ ለጤና፣ ለሥነ ምግባር ወይም ለሌሎች መብት አስፈላጊ የሆነ መሆን አለበት ይላል። በወንጀል ተከሶ ጉዳዩ በችሎት ያለን ሰው ፍርድ ቤት ቢያግደው፣ ወይም ሕፃን ልጅ ይዞ ሊጠፋ ያለን ሰው ሕግ ቢያስቆመው የምቃወም አይደለሁም። እንዲህ ያለው እገዳ ግን ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ የዳኛ ፊርማ አለው፣ ይግባኝም ይባልበታል። ያቺ ልጅ የተሰጣት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ቃል ደግሞ ይግባኝ አይባልበትም።

ይህ የሚደርሰው በድሀ ልጅ ላይ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ የላስታውን ሰው የአቶ ልደቱ አያሌውን ነገር አስታውሱ። በ2013 ዓ.ም. ለልብ ሕክምና ወደ አሜሪካ ሊሄዱ ሲሉ ቦሌ ላይ እንዳይወጡ ተደረጉ። በፖለቲካቸው የምትስማሙም የማትስማሙም እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ነገሬ ከዚያ ጋር አይደለም። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን የተከራከርነው ሰውየውን እንወዳቸዋለን አንወዳቸውም በሚል ነበር፤ የታመመ ሰው ለሕክምና እንዳይሄድ የመከልከል ሥልጣን ከየት መጣ የሚለውን ግን ዘለልነው። በማንወደው ሰው ላይ ሲደርስ ያለፍነው ነገር ነው ዛሬ አልጋ ሥር ሻንጣ ሆኖ የተቀመጠው።

«ለራሳቸው ሲባል ነው የሚከለከሉት» የምትሉም አላችሁ። ይህን ክርክር ከማንም በላይ ወሎ ሊያውቀው ይገባ ነበር። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ዜጎች ለሥራ ወደ ዐረብ አገር እንዳይሄዱ ከለከለ፤ ክልከላውም እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። የተሰጠው ምክንያት የእኅቶቻችን ስቃይ ነበር፤ ስቃዩም እውነት ነው፣ ሬሳ ተቀብለን የቀበርን ሰዎች ስለሆንን ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። በዚያው ሰሞንም ሳውዲ ዐረቢያ ከ150,000 በላይ ወገኖቻችንን አባርራ ሰደደች። ክልከላው ግን ጉዞውን አላስቀረውም። በቦሌ መሄድ ሲቀር «በባሕር» መሄድ በረታ። በቦሌ የምትሄደው ልጅ ውል ነበራት፣ አሠሪዋ ይታወቅ ነበር፣ ብትጠፋ የሚጠየቅ ኤጀንሲ ነበር። በባሕር የሄደችው ግን ከባቲ ወደ አፋር ወርዳ፣ ጅቡቲ ገብታ፣ ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን ስትሻገር ስሟን የሚያውቀው ደላላው ብቻ ነበር። የመን ደግሞ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ላይ ነበረች። ልጆቻችንን ከክፉ አሠሪ እንጠብቃለን ተብሎ የወጣው ክልከላ የጦር ሜዳ አቋርጠው እንዲሄዱ አደረጋቸው፤ እኛም ክልከላውን አንድ ቀን በአደባባይ ሳንጠይቅ ለደላላው የምንከፍለውን ከብት እየሸጥን አሟላን። በየዱዓውና በየጸሎቱ «በሰላም አሻግርልን» አልን፤ መለመኑ ደግ ነው፣ ነገር ግን የሕጉን መንገድ የዘጋው ሰው ነበርና ሰውንም መጠየቅ ነበረብን።

በዕድሜ የገፋችሁ የደርግን ዘመን ታስታውሳላችሁ። ከሀገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ይለመን ነበር፤ ያገኘ ሰው እንደ ተሾመ ይታይ ነበር። ያ ልማድ ከውስጣችን አልወጣም። ዛሬም ፓስፖርት በጊዜው የደረሰለትን ሰው «ዕድለኛ ነህ» እንለዋለን፤ መውጣት የተፈቀደላትን «ሰው አላት ማለት ነው» እንላለን። መብታችንን እንደ ስጦታ የምንቀበል ከሆነ ሲነጠቅም ሰጪው ወሰደው ብለን እንቀመጣለን። ልጆቻችንም ይህንኑ ከእኛ እየተማሩ ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ አዎን፣ እገሥጻችኋለሁም፤ ከቦሌ የተመለሰን ሰው ጥፋተኛ አድርጋችሁ አትቀበሉት። የተመለሰበትን ቀንና ሰዓት፣ የተነገረውንም ቃል ሳይረሳው ጻፉለት። የእገዳውን ትእዛዝ በጽሑፍ እንዲጠይቅ አብራችሁት ሂዱ፤ ብቻውን የሄደ ሰው በር ላይ ቀርቶ ይመለሳል፣ አምስት ሽማግሌ አስከትሎ የሄደ ግን ቢያንስ ይሰማል። ጠበቃ የሆናችሁ የደሴና የወልድያ ልጆች አንድ ማመልከቻ በነፃ ጻፉ። ለዕርቅ የምንቀመጥ ሰዎች ነን፤ ለደም እንኳ ሽማግሌ የምንልክ ሰዎች ለአንዲት ልጅ ወረቀት መጠየቅ ሊያቅተን አይገባም።

ልጅቱ ባለፈው ሳምንት ሻንጣውን ፈትታለች። በርበሬውን ለእናቷ መልሳ፣ በሶውን ለብቻው በትንሽ ቦርሳ ስትቋጥር አየኋት፤ የባቲን መንገድ የሚያውቅ ሰው እንደምትጠይቅም ሰምቻለሁ። እሑድ እዚያ ቤት ቡና አለ። እኔ ቀድሜ ሄጄ የትእዛዙን ወረቀት ለመጠየቅ አብሬያት እንደምሄድ ለእናቷ እነግራታለሁ፤ የሰፈሬ ሰዎች፣ እናንተም ኑ።