ጥርሱን የበላኸውን ብሎን ደብቀህ ለምን ታስረክበኛለህ?

ንዴቴ እስኪበርድልኝ አንድ ሌሊት ታገስኩ፤ አልበረደም። ስለዚህ ልጻፈው።

ከአዳማ ወደ ወንጂ በኩል፣ አዋሽ ዳር፣ መሬት ተከራይቼ ሽንኩርት አለማለሁ። ውሃ የምስበው ባለ 5.5 ፈረስ ጉልበት በሆነች ትንሽ የቤንዚን ሞተር ነው። ሽንኩርቱ ኮረት መቋጠር በጀመረበት፣ ውሃ ሊዘገይበት በማይገባ ሰዓት፣ አራት ቀን ሙሉ ደርቆ ዋለ። የቅጠሉ ጫፍ ሲቃጠል ቆሜ አየሁ። ወንዙ እየፈሰሰ፣ ቤንዚኑም በጀሪካን ተቀምጦ፣ ሥራ ያስፈታኝ ከትንሽ ጣቴ የቀጠነ አንድ ብሎን ነው!

ነገሩ የሚጀምረው ከወራት በፊት ነው። ሞተሩ ጉልበት ሲያጥረው ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ተከፍቶ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቀየረ፤ ከፍዬ ወጣሁ። ከሁለት ወር በኋላ ጓርኒሲዮኑ እንደገና ተቃጠለ። ያው መካኒክ «ጋሼ፣ የገዙት ዕቃ ደካማ ነው» አለኝና ሌላ አስገዛኝ። አመንኩት። ለሦስተኛ ጊዜ በቴስታታውና በብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) መካከል ትንፋሹ ሲያመልጥ ስሰማ ግን ራሴ ልከፍተው ቆረጥኩ።

ቴስታታውን የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው። ሦስቱ በ12 ቁልፍ ያለ ችግር ተፈቱ። አራተኛው፣ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ያለው፣ ስድስቱም ማዕዘኖቹ ተልጠው እንደ ሎሚ ድቡልቡል ብሏል። ምን እንደ ነካው ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያሻም፤ የግማሽ ኢንች ቁልፍ ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር ነው። 12 ሚሊሜትር በሆነ የብሎን ራስ ላይ ሲገባ የሚቀረው ክፍተት 0.7 ሚሊሜትር ነው፤ ሲጎትቱት የብሎኑን ጎን መያዝ ትቶ ማዕዘኑን ይልጠዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ከሌለ ከጎረቤት ጋራዥ መዋስ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ለአምስት ደቂቃ ስንፍና የሰው ንብረት ይበላሻል?

የመጀመሪያውን ሌሊት ናፍጣ አጠጥቼ አሳደርኩት። ጠዋት ባለ ስድስት ማዕዘን 11 ቡሶላ (የብሎኑን ራስ የሚያለብስ ቁልፍ) በመዶሻ እየመታሁ በግድ አለበስኩትና ሞከርኩ። ያዘልኝ፤ ተስፋ ሰጠኝ፤ ከዚያ የቀረውንም ብረት ላጠው። ቁልፉን ጥርቅም አድርጎ ይዞ የነበረው ነገር ድንገት ልስልስ ሲል ሆዴም አብሮ ወረደ። ይህን የደረሰበት ሰው ያውቀዋል። በመሮ ጎኑን እየመታሁ ላዙረው አልኩና ብሎኩ አሉሚኒየም መሆኑን አስቤ መዶሻዬን አስቀመጥኩ። አንድ ወዳጄ ደግሞ መሐሉን በትራፓኖ (በመብሻ ማሽን) በስቼ በብሎን ማውጫ እንዳወጣው መከረኝ። እሱንም ፈራሁት። ማውጫው በጣም ከጠነከረ ብረት ስለሚሠራ እዚያው ውስጥ ከተሰበረ ተራ የትራፓኖ ጫፍ አይበሳውም፤ በአንድ ችግር ላይ ሌላ መደረብ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ በያጅ ወሰድኩት። ታንከሩን፣ ካርቡራቶሩንና የቤንዚን ቱቦውን አውልቀን ራቅ አድርገን አስቀመጥን። ይህን እባካችሁ አትዘንጉ፤ ቤንዚን ባለበት ብየዳ የሚያስነሳ ሰው በሕይወቱ እየፈረደ ነው። በያጁ በተላጠው ራስ ላይ ዳዶ ደርቦ ውስጡን በብየዳ ሞላው። ግለቱ ትንሽ እስኪቀንስ ጠብቀን በዳዶው ላይ ቁልፍ አስገባን። ዞረ። ቀስ እያለ፣ እየጮኸ፣ ዞረ።

ሲወጣ ያየሁት ነገር ነው እንግዲህ ደሜን ያፈላው። በብሎኑ ጥርሶች ላይ የአሉሚኒየም ክር እንደ ስፕሪንግ ተጠምጥሟል፤ በላዩ ደግሞ ግራጫ የብረት ሙጫ ደርቆ ተጋግሯል። በመጨረሻ ያላላው የብየዳው ሙቀት ነው። ገባችሁ? የብሎኩን ጥርስ የበላው ሰው ቀዳዳውን ሙጫ ሞልቶ፣ ብሎኑን ተክሎበት፣ የጠበቀ አስመስሎ አስረከበኝ። ሙጫ ግን የቴስታታ ብሎን የሚሸከመውን ኃይል አይሸከምም። አራቱ እኩል መጫን ሲገባቸው የሚጫኑት ሦስቱ ብቻ ሆኑ፤ በአራተኛው በኩል የተቃጠለው ጋዝ መውጫ አገኘ፤ ጓርኒሲዮኑንም ይዞት ሄደ። የገዛሁት ጓርኒሲዮን ምንም ድካም አልነበረበትም። ሰውየው ይህን እያወቀ ነው ሁለተኛውን ያስገዛኝ!

ብሎኑን በእጄ ይዤ ሄጄ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ሥራ ላይ እኮ ብሎን ይበላል» አለኝ። አዎን፣ ይበላል! እኔም በልቼ አውቃለሁ። የዚያን ዕለት «ይህ ቀዳዳ ተበልቷል» ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ ሳልቆጣ ሞተሩን ተሸክሜ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት ቤት) እሄድ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የነፈገኝ። ስለዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጓርኒሲዮን፣ ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ፣ አሁን ደግሞ ሰብሌን ከፈልኩ።

ደግሞስ እንዴት ነው የሚበላው? እንዲህ ያለ ሞተር ለቴስታታ ብሎን የሚፈልገው የማጥበቂያ ኃይል 24 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ይህ ማለት 20 ሳንቲሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 12 ኪሎ ግራም ያህል ማንጠልጠል ነው፤ አንድ እጅ ይበቃዋል። እዚያ ጋራዥ ግን ልጆቹ በቁልፉ ላይ የብረት ቱቦ ሰክተው፣ እግራቸውን ተክለው ሲጎትቱ በዓይኔ አይቻለሁ። ያንን የለመዱት ከከባድ መኪና ጎማ ላይ ነው። በልጆቹ አልፈርድም፤ የጎማ ዳዶና አሉሚኒየም ውስጥ የሚገባ 8 ሚሊሜትር ብሎን አንድ እንዳልሆኑ ሊነግራቸው የሚገባው ሰው አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

በአራተኛው ቀን ቶርኖ ቤት ገባሁ። ባለሙያው ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። የተበላውን ቀዳዳ አስፍተው፣ ጥርስ አውጥተው፣ ውስጡም ውጪውም ጥርስ ያለው የብረት ቡሽ ሠርተው አስገቡበት። ራሱ ላይ የጥንካሬ ደረጃውን የሚያሳይ 8.8 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት አዲስ ብሎን ከመሳቢያቸው ፈልገው ሰጡኝ፤ ቁጥር የሌለው ብሎን ለቴስታታ እንዳልገዛም አስጠነቀቁኝ። ከፍዬ ልሄድ ስነሳ «ቆይ ልጄ፣ አንድ ነገር አለ» አሉኝ። «ቡሹ በጥቂቱ ዘሟል። ብሎኑን መጀመሪያ በጣትህ እስኪገባ ድረስ አስገባው፤ ቁልፍ ከዚያ በኋላ ነው።» ቀይ ቀለምም አምጥተው በቀዳዳው አጠገብ ነጥብ አደረጉበት፤ ከእኔ በኋላ የሚከፍተው ሰው እንዲያውቅ።

ሞተሩ ትናንት ማታ ተነሳ። እስከ እኩለ ሌሊት አጠጣሁ። ከመንገዱ በኩል ያሉት ሁለት መደቦች ግን አይድኑም።