የአዲስ አበባ ወንዝ ዳር ለጅብም መንገድ ይተውለት

አዲስ አበባ ወንዞቿን እንደ አዲስ እየሠራች ነው። የወንዝ ዳር ልማቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲጀመር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር እንደሚሸፍን ተነግሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኮሪደር ልማቱም ተጨምሮበታል። ትናንት ቆሻሻ ይደፋበት የነበረ ገደል ዛሬ ሰው ልጆቹን ይዞ ይንሸራሸርበታል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ማጣጣል አልፈልግም። ነገር ግን በነዚሁ ወንዞች ዳር ሌሊት ሌሊት የሚመላለስ ሌላ የከተማዋ ነዋሪ አለ። ስለ ልማቱ ሲወራ ስሙ ሲነሳ አልሰማሁም። ጅብን ማለቴ ነው።

ጅብ ከእንጦጦ ጫካ ወርዶ ከተማው ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው የወንዙን ሸለቆ ተከትሎ ነው። ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ወይም ገደል ሥር ተኝቶ ይውላል፤ ሲመሽ ይወጣል። የሚስበው እኛው የጣልነው ነገር ነው። ሥጋ ቤት ሲዘጋ በኋላ በር የሚወጣውን ማዳበሪያ አስቡት፤ ቀንድ፣ ሰኮና፣ ፈርስ፣ ሥጋ የቀረበት አጥንት። ገንዳ ውስጥ የሚገባው አለ፤ ከወንዙ አፋፍ ቁልቁል የሚወረወረውም አለ። ጠዋት ማዳበሪያው ተቀዳዶ፣ ፈርሱ ተበትኖ ይገኛል፤ አጥንቱ ግን የለም። ጅብ አጥንቱን ጨምሮ አድቅቆ ይበላል፤ ዓይነ ምድሩ የሚነጣውም ለዚህ ነው።

የዚህን ሥራ መጠን ያጠኑ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ በመቀሌ ዙሪያ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ጥንብና ተረፈ ሥጋ እንደሚያነሱ ገምቷል። ይህም አባ ሰንጋና የከብት ቲቢ ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይዛመት ያግዛል።

እኔን ከሁሉም የገረመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በሰሜን ኢትዮጵያ የጅብ ዓይነ ምድር እየሰበሰቡ በውስጡ የተገኘውን ፀጉር መረመሩ። ከዐቢይ ጾም በፊት የአህያ ፀጉር የተገኘበት 14.8 በመቶው ነበር። ጾሙ ሲገባ 33.1 በመቶ ደረሰ። ጾሙ ሲፈታ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። እርድ ሲቆም፣ ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ፣ ጅቡ ፊቱን ወደ አህያ አዞረ ማለት ነው። ጅብ ምን እንደሚበላ የሚወስነው የኛ የጾምና የፍስክ ቀን ነው። ስለዚህ ከአውሬ ጋር የምትኖር ከተማ ዲዛይን ከዛፍና ከአግዳሚ ወንበር አይጀምርም። ከቄራና ከሥጋ ቤት ነው የሚጀምረው።

ሐረሮች ይሄን ከገባቸው ቆይቷል። ጁገል ግንብ ላይ ዝቅ ብለው የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ። ጅቦች ሌሊት በነሱ ገብተው በጠባቦቹ መንገዶች የተጣለውን ይለቅማሉ፤ ሳይነጋም ይወጣሉ። በአሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ ይቀርብላቸዋል። እንግዳ ሁሉ የሚያወራው በአፉ ሥጋ ይዞ ጅብ ስለሚያጎርሰው ሰው ነው። እኔ የማደንቀው ግን ቀዳዳውን ነው። ጅቡ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ሰው ያውቃል፤ ጅቡም ያውቃል። ድንገት ፊት ለፊት መገጣጠም የሚቀንሰው እንዲህ ሲሆን ነው።

ጅብ ጅብ ነው፤ አላለሰልሰውም። ሰው ይነክሳል፣ ይገድላል። ከሁሉ በላይ የሚጋለጡት ጎዳና የሚያድሩ ወገኖቻችንና ልጆቻቸው ናቸው። ለነሱ መጠለያ ማዘጋጀትም የዚሁ ዲዛይን አካል መሆን አለበት። «ታዲያ ለምን አይጠፋም?» የሚል ካለ ወደ ሕንድ ይመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ጥንብ አንሳዎቿን ፈጃቸው፤ ከዋናዎቹ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ አለቁ። ጥንቡ ለውሻ ቀረ፤ ባለቤት የሌለው ውሻም በዛ፤ ከውሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት መጣ። የሕንድ መንግሥት መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በኛም አገር የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው የሚመጣው በአብዛኛው ከውሻ ነው።

ወደ ወንዛችን ልመለስ። ዳርና ዳሩ በድንጋይ ግንብ ከታጠረ፣ ከላይ እስከ ታች መብራት ከተተከለ፣ ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ሣርና ዘንባባ ከተተካ፣ ጅቡ አይጠፋም። መንገዱን ቀይሮ በሰፈር መሀል ያልፋል እንጂ። ሲንጋፖር በቢሻን መናፈሻ 2.7 ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ የኮንክሪት ቦይ አፍርሳ 3.2 ኪሎ ሜትር የሚጠማዘዝ፣ ዳሩ ዕፅዋት የለበሰ ወንዝ አደረገችው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2012 አለቀ። ዛሬ እዚያ ሰው በእግሩ ሲንሸራሸር ኦተር የሚባሉ፣ ውሃ ውስጥ ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ እንስሳት ከልጆቻቸው ጋር ይዋኛሉ። መናፈሻውም ጎርፉን ይቀበላል።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ከሁለቱ የወንዝ ዳሮች አንዱ ለሰው ይነጠፍ፣ ይብራ። ሌላው ጨለማና ቁጥቋጦ ይቅርለት። በየድልድዩ ሥር እንስሳ የሚያልፍበት ደረቅ ጠርዝ ይተው። በዘንባባው ፈንታ ወይራና ጽድ ይተከል፤ አገር በቀል ችግኝ የሚያውቁ ሰዎች እዚያው ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አሉ።

የሥጋ ቤቱ ተረፈ ምርት ላይ ግን መቸኮል አይገባም። በአንድ ሌሊት ተጠርጎ ቢቆለፍ ምን እንደሚከተል የጾሙ ጥናት ነግሮናል፤ የተራበ ጅብ ወደ አህያ፣ ከዚያም ወደ ባሰ ነገር ይዞራል። ሰው ከሚያድርበት ርቆ ቋሚ የመጣያ ቦታ ይለይ። ወደዚያ ቀስ በቀስ ይዛወር። ጾም ሲገባ ደግሞ አህያ ያላቸው ሰዎች ሌሊት በረት እንዲያስገቡ ወረዳው ቀድሞ ይንገራቸው። ይሄን ሁሉ መሐንዲሱ ብቻውን ሊያውቅ አይችልም። ያልተጀመረው የወንዝ ክፍል ንድፍ ከመጽደቁ በፊት የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ባለሙያዎች ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ። ጅቦቹ የሚመላለሱበትን መንገድ በካርታ ያስቀምጡ፤ ንድፉም ያንን ካርታ ተከትሎ ይሠራ።