«ኦሪጅናል ነው» የተባልኩት የዋና ልብስ

ዛሬስ ዝም አልልም። በስምንት ወር ውስጥ ሦስተኛ የዋና ልብሴን ቀበርኩ።

ለወገቤ ብዬ በሳምንት አራት ቀን እዋኛለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ጨርሼ ከገንዳው ስወጣ አንዲት እናት ጠጋ ብለው «የኔ ልጅ፣ ፎጣ ነገር ከኋላሽ ጣል አድርጊ» አሉኝ በሹክሹክታ። ልብስ መቀየሪያው ገብቼ ሳየው መቀመጫው የሽንኩርት ልጣጭ ሆኗል። ነጫጭ የላስቲክ ክሮች ተበጥሰው እንደ ሽበት ብቅ ብቅ ብለዋል። ስንት ቀን እንዲህ ሆኜ እንደዋኘሁ እግዜር ይወቀው። ከኋላዬ የሚዋኘው ሰውዬም ያውቃል።

3,200 ብር ነው የገዛሁት። ሻጩ «እህቴ ትሙት፣ ኦሪጅናል ነው፣ የዱባይ ነው» ብሎ ምሎልኛል። ከዱባይ የመጣ ሁሉ ለምን ኦሪጅናል እንደሚሆን እስካሁን አልገባኝም።

ታጉን ያነበብኩት ከተቀደደ በኋላ ነው። 80 ናይለን፣ 20 ስፓንዴክስ። ስፓንዴክስ ያው ላይክራ የምንለው ነው። የሚለጠጠው እሱ ነው፤ ክሎሪን ቀድሞ የሚበላውም እሱኑ። በዓመት አንዴ ላንጋኖ ወርዶ ፎቶ ለሚነሳ ሰው ምንም አይልም። እንደኔ ክሎሪን ውስጥ ለሚኖር ግን የሚያዋጣው ፖሊስተር ነው፤ ብዙ ጊዜ ፒቢቲ ከሚባል የፖሊስተር ዘመድ ጋር ተደባልቆ ይሠራል። ሲለብሱት ትንሽ ያታግላል፣ ግን ክሎሪንን ይችላል።

ይህን ይዤ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። «ፖሊስተር አለ?» ስል «ፖሊስተርማ ርካሽ ነው፣ ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል። የሚያወጡልኝ ደረቱ ላይ የወርቅ ቀለበት ያለው፣ ቀሚስ የተቀጠለበት፣ ስፖንጁ ውሃ ሲጠጣ ሁለት ኪሎ የሚሆን ነው። አንዱን መቀመጫውን ወጠር አድርጌ ወደ መብራት ብይዘው ባለሱቁ «ኧረ አትለጥጪብኝ!» ብሎ ነጠቀኝ። ወንድሜ፣ ስለብሰው ምን የማደርገው መስሎህ ነው?

የራሴም ጥፋት አለ፣ አልዋሽም። እርጥቡን ፌስታል ውስጥ ጠቅልዬ እስከ ማታ ቢሮ አውለው ነበር። ከዚያ በዱቄት ሳሙና አሽቼ፣ እንደ ጆንያ ጠምዝዤ፣ በማግስቱ ፀሐይ ላይ። ለካ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቆ ጥላ ላይ ማስጣት ነበር። ይሄንንም የነገረኝ ሻጭ የለም።

በመጨረሻ ከዲሲ ለምትመጣው የአክስቴ ልጅ ፎቶ ሳይቀር ልኬ «መቶ በመቶ ፖሊስተር፣ ጥቁር፣ ምንም ጌጥ የሌለው» ብዬ ለመንኳት። ትናንት ሻንጣዋን ከፈተች። ሮዝ ነው። አበባ አለው። «ጥቁሩ ሐዘን መሰለኝ፣ ይሄ ያምርብሻል ብዬ» አለች። ታጉን ገልበጥ አደረግሁት። ስፓንዴክስ 18።

ሳምኳት፣ አመሰገንኳት። ነገ ጠዋት ሮዙን ከሥር፣ የሽንኩርት ልጣጩን ከላይ ደርቤ እገባለሁ።