የ4 በመቶው ቻናል ለማን ይሰጥ?

ነገሩን የጫሩት ጡረተኛው መምህር ናቸው። በሰሜን ቨርጂኒያ የዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ አልቆ ቡናው ሲቀዳ፣ «የናሳ ቻናል ከቀረ ወዲህ ቴሌቪዥኑን የምከፍትበት ምክንያት ጠፋኝ» አሉ። ከአጠገባቸው የነበሩት ሳቅ ቢጤ ብለው ሊያልፉት ፈለጉ፤ እርሳቸው ግን ከልባቸው ነበር። አገር ቤት ፊዚክስ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እንቅልፍ እምቢ ባላቸው ሌሊት ሁሉ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚመጣውን ምስል ከፍተው ይቀመጡ ነበር። «ጣቢያው በሌሊት በግብፅ ላይ ሲያልፍ ዓባይን ታየዋለህ። ግራና ቀኙ ድቅድቅ ጨለማ ነው። መሐል ለመሐል የመብራት መስመር ይወርድና ባሕሩ ጋ ሲደርስ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። የሚለፈልፍ ሰው የለ፣ ማስታወቂያ የለ» ብለው በእጃቸው እየሳሉ አሳዩን።

ናሳ ሥርጭቱን ከኬብልና ከሳተላይት ያወረደው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ነው። ማንም አላስገደደውም፤ ናሳ ፕላስ ወደሚባለው የኢንተርኔት አገልግሎቱ ጠቅልሎ ገባ። መምህሩ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ጥያቄያቸው ሌላ ነው፤ በባዶው ቦታ ምን ተተካ? የሳተላይት ቴሌቪዥን ድርጅቶች በሕግ ለሕዝብ የሚለቁት የቻናል ድርሻ አለ፤ ክርክራችን ይህ ድርሻ ለማን ይሰጥ ወደሚለው ያመራው ከዚህ ተነስቶ ነው።

በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ኔትዎርክ የሚጠብቀው ወጣት ቶሎ ብሎ መለሰላቸው። «ጋሼ፣ ምን ምትክ ያስፈልጋል? ናሳ ፕላስ እኮ በነጻ ነው። አሁኑኑ ስልክዎ ላይ ላስገባልዎት።»

«ልጄ፣ ስልክ አለኝ። ለሳተላይቱ ግን በየወሩ እየከፈልኩ ነው። ከከፈልኩበት ላይ አንዱ ሲጎድል ምትኩን ብጠይቅ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?»

ነርሷ ከዚያ ወዲያ ገባች። የእርሷ ጉዳይ ከጠፈር የራቀ ነው። እናቷን ከጎንደር አምጥታ አብራት ታኖራለች። እናት ከጠዋት እስከ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ናቸው፤ ቋንቋውን ስለማይሰሙት ድምፁን ዘግተው ሥዕሉን ብቻ ያያሉ። «የስኳር መድኃኒታቸውን በየትኛው ሰዓት እንደሚወስዱ እኔ ከሥራ ደውዬ ነው የማስታውሳቸው። በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 የሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት ጤና መድን፣ ዕቅድ መለወጫ ነው ተብሎ ወረቀት ይጎርፋል፤ አንዱንም አያነቡትም። ባዶ ቦታ ካለ በአማርኛ ስለ ጤና የሚናገር ቻናል ይግባበት፤ ጋሼ ሰማዩን በመስኮት ይመልከቱ» አለች። መምህሩ አልተቀየሟትም፤ ግን አልተረቱላትም።

እዚህ ላይ እኔም ገባሁበት። ብዙ ሰው የማያውቀው ሕግ አለና። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 የኬብል ቴሌቪዥን ሕግን ሲያወጣ፣ ያውም ፕሬዚዳንት ቡሽ አልፈርምም ብለው የመለሱትን በድጋሚ ድምፅ አጽንቶ፣ በሳተላይት ቴሌቪዥን ላይ አንድ ግዴታ ጣለ። ከቻናል አቅማቸው ከ4 እስከ 7 በመቶ የሚሆነውን ለንግድ ላልቆመ፣ ትምህርትና መረጃ ለሚሰጥ ሥርጭት እንዲለቁ አዘዘ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1996 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አጸናው። ቴሌቪዥንን የሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1998 ደንቡን ሲያወጣ ከሁሉ ዝቅ ያለውን፣ 4 በመቶውን መረጠ። 200 ቻናል ያለው ድርጅት 8 ለሕዝብ ይለቃል ማለት ነው።

ቅድመ ሁኔታዎቹም በደንብ የታሰበባቸው ናቸው። ድርጅቱ ለዚያ ቻናል የሚያስከፍለው ቻናሉን ለማስተላለፍ በቀጥታ ከሚያወጣው ወጪ ከግማሽ መብለጥ የለበትም። ከጠያቂዎቹ መካከል የሚመርጠው ራሱ ድርጅቱ ነው፤ አንዴ ካስገባ በኋላ ግን በይዘቱ ላይ እጁን ማስገባት አይችልም። ጠያቂ እስኪመጣ ድረስ ያልተያዘውን ቦታ ለራሱ ይጠቀምበታል። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ሰው ሁሉ ቢያጤናት ደስ ይለኛል።

«ታዲያ እነዚህ ቻናሎች የት ናቸው? ዓይኔ አይቷቸው አያውቅም» አለች ነርሷ። እውነቷን ነው። ዲሽ ኔትዎርክ በሚባለው የሳተላይት ድርጅት፣ በዚህ ድርሻ ከገቡት መካከል ሊንክ ቲቪን ለማግኘት 9410፣ ፍሪ ስፒች ቲቪን ለማግኘት 9415 መምታት ያስፈልጋል። ሪሞቱን ይዞ ከዜና ወደ እግር ኳስ የሚዘል ሰው እዚያ ድረስ የሚወስደው ምንም ነገር የለም። መምህሩ ግን ቁጥሩን በቃላቸው ይዘውታል። ሊንክ ቲቪ ከ2001 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የመካከለኛው ምሥራቅ ጣቢያዎችን ዜና በእንግሊዝኛ እያስተረጎመ ሲያቀርብ በየቀኑ ይከታተሉት እንደነበር ነገሩን። ከዚያ የሞቱትን መቁጠር ጀመሩ። ለትልልቅ ሰዎች ትምህርት የነበረው ፒቢኤስ ዩ በ2006 ቆመ፤ በሲያትል ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚመራው፣ የምርምር ንግግሮችን የሚያሳየው ሪሰርች ቻናል በ2010 ተዘጋ። «አንዱ የትምህርት ቻናል በሞተ ቁጥር በቦታው ስብከት ይገባል» ብለው ምሬታቸውን አወጡ።

ይህ አነጋገር የከባድ መኪና ሾፌሩን አስቆጣው። እስከዚያ ድረስ ቡናውን እየጠጣ ዝም ብሎ ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚያዩት የዚህን ሰፈር ሰው ነው። እኔ ነብራስካንና ዋዮሚንግን ሳቋርጥ ለሰዓታት አንድ ቤት ብቻ የማይበት መንገድ አለ፤ ጣሪያው ላይ ዲሽ አለች፤ የኢንተርኔት ገመድ አልደረሰውም። እዚያ አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት ጸሎቷን የምታደርሰው በዚያች ዲሽ ነው። ይህ ለሕዝብ ጥቅም ካልሆነ ምኑ ሊሆን ነው?»

መምህሩ ጸሎቱን አልነቀፉም። «የወንጌላውያኑ ቲቢኤን በብዙ ከተሞች የራሱ ጣቢያ አለው። የካቶሊኮቹ ኢደብልዩቲኤን ከ1981 ጀምሮ የሚሠራ የዳበረ ድርጅት ነው። እነዚህ ያለዚህ ድርሻም አየር ላይ ይውላሉ፤ ድርሻው ያስፈለገው ሌላ በር ለሌለው ነው» አሉ። ሾፌሩም እንደዋዛ አልለቀቀም። አር ኤፍ ዲ ቲቪን አነሳ። ይህ የገበሬዎች ቻናል በ2000 መጨረሻ ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ስም በዲሽ ኔትዎርክ ሥርጭት የጀመረ ነው። የከብት ጨረታ በቀጥታ ያሳያል፤ ስለ ትራክተርና ስለ እህል ዋጋ ያወራል። በከተማ ያሉ ባለ ገንዘቦች ማን ያየዋል ያሉትን ነገር ገበሬው ከዳር እስከ ዳር ተቀበለው፤ በ2007 ወደ ንግድ ተዛወረ። «ከዚህ በር ገብቶ በራሱ እግር ወጣ። የሚያስፈልገውን የሚያውቀው ተመልካቹ ራሱ ነው፤ እርስዎም ሆኑ እኔ አይደለንም» አለ። ከዚያ ቀን ክርክር ሁሉ ጠንካራ ነጥብ ያቀረበው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነርሷ ወደ አማርኛው መለሰችን። ኢቢኤስ በ2008 እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አይደለም ወይ የተቋቋመው፣ እርሱን አያስገቡትም ወይ ብላ ጠየቀች። አይሆንም፤ ኢቢኤስ ማስታወቂያ እየሸጠ የሚኖር የንግድ ጣቢያ ነው፤ ይህ ድርሻ ደግሞ ለንግድ ላልቆሙት ብቻ ነው። ነገር ግን የእርሷን ሐሳብ የሚደግፍ ምሳሌ አለ። ኤች አይ ቲ ኤን የሚባለው የስፓኒሽ ቻናል፣ ከብሩክሊን የሚሠራና ለትርፍ ያልቆመ፣ የገባው በዚሁ የሕዝብ ጥቅም ድርሻ ነው። ትምህርት፣ ጤና፣ የሕፃናት ፕሮግራም በቋንቋቸው ያቀርብላቸዋል። ይህን ስነግራት ፊቷ በራ፤ «እነርሱ ከቻሉ እኛ ምን አነሰን?» አለች።

«ቁጥር አነሰን» አለ ወጣቱ። ጨካኝ ልጅ አይደለም፤ የመሰለውን ይናገራል። ቀጥሎ ያለውን ሁሉ ዘረገፈው። የሳተላይት ደንበኛ በየዓመቱ እየሸሸ ነው፤ ሁለቱ የሳተላይት ድርጅቶች፣ ዳይሬክቲቪና ዲሽ ኔትዎርክ፣ ሊዋሃዱ ተስማምተው በኖቬምበር 2024 ውሉ ፈረሰ፤ ሰው ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ቴሌቪዥን ዞሯል። «ሕጉ ደግሞ ኢንተርኔቱን አይነካም። እናንተ የምትከራከሩበት 4 በመቶ ከነሕጉ እያለቀ ነው፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው» ብሎ ደመደመ። ማንም የመለሰለት አልነበረም፤ ቡናው ሦስተኛ ላይ ደርሶ ሰዉም መነሳት ጀምሮ ነበር።

እኔ የምለው ይህ ነው። ወጣቱ የተናገረው እውነታ ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሕጉ የወጣው ሳተላይቱን ወዶ አይደለም። በመላ አገሪቱ ቤት እየገባ ገንዘብ የሚሰበስብ አገልግሎት ከአቅሙ ጥቂቱን ለሕዝብ ይመልስ ተብሎ ነው። ተመልካቹ ወደ ኢንተርኔት ቴሌቪዥን ከዞረ፣ ግዴታውም ተመልካቹን ተከትሎ መሄድ ነበረበት። በወር ክፍያ ብዙ ቻናል አጠራቅመው የሚሸጡ የኢንተርኔት አገልግሎቶች ከዲሽ በምን ይለያሉ? ተመልካቹ የሚያየው ያንኑ ሳጥን ነው፤ የሚከፍለውም ያንኑ ሒሳብ ነው። አንዳቸው 4 በመቶ ሲለቁ ሌላኛቸው ምንም አለመልቀቃቸው የምክር ቤቱ ስንፍና ነው፤ ይህን ለመረጥነው ሰው ጽፈን መንገር እንችላለን። «ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚለው መልስ ደግሞ ለነርሷ እናት አይሠራም። እኚህ ሴት ፈልገው አያገኙም፤ የተከፈተላቸውን ነው የሚያዩት።

በስብከቱ ክርክር እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ፤ ግን በግማሽ። ሃይማኖት ከድርሻው ይውጣ አልልም። ሁለት ጠያቂ ሲቀርብ በሌላ መንገድ አየር ላይ መውጣት የማይችለው ይቅደም እላለሁ።

ዋናው ችግር ግን የእኛ ነው። የዚያን ቀን ሁላችንም የተናገርነው ምኞት ነበር፤ ሕጉ ደግሞ የሚሰማው ጠያቂን ነው፤ ጠያቂውም ፕሮግራም ያለው ተቋም መሆን አለበት። የሳተላይት ድርጅቶቹ መዝገብ መያዝ ይጠበቅባቸዋል፤ የቻናል አቅማቸው ስንት ነው፣ ድርሻውን ለማን ሰጡ፣ በስንት ዋጋ፣ ማን ቦታ ጠይቆ ምን ተብሎ ተመለሰ፣ ከምክንያቱ ጋር። ኮሚሽኑ በ2016 ባወጣው ደንብ ይህ መዝገብ ማንም ገብቶ በኢንተርኔት የሚያነበው ሆኗል። እምቢ ያለ ድርጅት እምቢታውን በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። ማንም ካልጠየቀው ግን የሚጽፈው የለም፤ ባዶውን ቦታ ለራሱ ያውለዋል፤ ሕግም አልጣሰም።

ለነርሷ የምመክራት ከቻናል አትጀምሪ ነው። ቀንና ሌሊት ሙሉ የሚሞላ ሥርጭት ለማሰናዳት የእኛ ማኅበረሰብ ዛሬ ገንዘቡም ሰዉም የለውም። ግማሽ ሰዓት ግን አለን። በዚህ አካባቢ አማርኛ ተናጋሪ ሐኪም፣ ፋርማሲስት፣ ነርስ ሞልቷል። በአማርኛ የሚነገር፣ ከሥር በእንግሊዝኛ የሚጻፍበት የጤና ፕሮግራም በሳምንት አንዴ ቢዘጋጅ፣ በድርሻው ውስጥ ቀድሞ ለገባ ቻናል ማቅረብ ይቻላል። ሊንክ ቲቪም የመካከለኛው ምሥራቅ ዜና ለአሥር ዓመት ያህል ያስተላለፈው በትርጉም ነው፤ የእኛንም ቋንቋውን የማያውቀው አሜሪካዊም ከሥር እያነበበ ያያል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ነርሷ ደግሞ ከአንጀቷ ነው የተናገረችው። ዕድሩ ለመነሻ የሚሆን ገንዘብ እንዲመድብ በሚቀጥለው ስብሰባ እኔው ሐሳቡን አቀርባለሁ።

የመምህሩን ምትክ በተመለከተ ለሳተላይት ድርጅቱ ደውለው መውቀሳቸው ብዙ አያራምዳቸውም። ድርጅቱ የሌለ ቻናል ሊፈጥርላቸው አይችልም፤ ከጠያቂ መካከል ነው የሚመርጠው። ሪሰርች ቻናልን የመሠረቱት ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። ዛሬ እያንዳንዱ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የሚቀረጽበት ስቱዲዮና ዓመት ሙሉ የሚሰጥ የሕዝብ ንግግር አለው፤ ወጪውን ለመቀነስ ደግሞ ሕጉ ከግማሽ በላይ እንዳይጠየቁ ጠብቆላቸዋል። ስለዚህ ደብዳቤው መጻፍ ያለበት ለእነርሱ ነው፤ አስተማሪ ለአስተማሪ ሲጽፍ ደግሞ ይሰማል። ረቂቁን መምህሩ ያዘጋጁ፤ እንግሊዝኛውን ወጣቱ ያስተካክልላቸው፤ ሾፌሩ ያነሳው የነብራስካው ቤትም በደብዳቤው ውስጥ ይግባ። የናሳ ቻናል ተመልካች ከነበሩት መካከል እዚያም ቤት ውስጥ ሌሊት የማይተኛ ሰው ነበረ ይሆናል።