አዋጅ ቁጥር አብሽር

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ አያውቅም ማለት ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ የሚሠራው ሕግ ባለ አንድ ቃል ነው፦ «አብሽር!»

ጎረቤቴ ምስክር ነው። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ 6 ዓመት ሠርቶ፣ አንድ ማክሰኞ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ተባለ። ምክንያት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፣ ወረቀት የለ። ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ክስ መሥርቶ ስሙን ባጠፋ ነበር። እሱ ግን ጨዋ ነው፤ የአሠሪውን አጎት የሚያውቅ ሽማግሌ ፍለጋ ወጣ። እንጀራውን የበሉትን ሰው እንዴት ይከሳሉ? (እንጀራውን በላቡ የገዛው ራሱ መሆኑን፣ ያልተከፈለውንም ትርፍ ሰዓት ማንሳት ነውር ነው።)

ሕጉ ያላግባብ የተባረረ ሠራተኛ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚልበትን ጊዜ 3 ወር አድርጎታል። ሦስት መሆኑ እንዴት ያለ ጥበብ ነው! ልክ እንደ ቡናችን። የመጀመሪያው ወር አቦል ነው፤ ሽማግሌዎቹ ስለ አሠሪው፦ «ጋሼ አዲስ አበባ ናቸው፣ ሲመለሱ እንነግራቸዋለን።» ሁለተኛው ቶና፤ «አናግረናቸዋል፣ ልባቸው ራርቷል፣ አብሽር።» ሦስተኛው በረካ ነው፤ ጋሼ ራሳቸው ተገኝተው፣ ጉልበታቸው ተስሞ፣ «ልጄ አይደለህ? ከበዓሉ በኋላ ብቅ በል» ይላሉ። ሁሉም አሜን ይላል። የዕጣኑ ጭስ ይወጣል፣ ይርጋውም (የመክሰሻው ጊዜ ገደብ) ይሞላል።

እርግጥ አሠሪ ያለበትን በጽሑፍ ካመነ ይርጋ ይቋረጣል። ግን ሽማግሌ ተቀምጦ ወረቀት መጠየቅ ሽማግሌውን መናቅ ነው። ስለዚህ ጋሼ ሁሉንም ያምናሉ፤ በአፋቸው።

በአራተኛው ወር አንድ ሕግ የተማረ ልጅ መጥቶ «የጽሑፍ ውል ባይኖርህም መብትህ አይቀርም ነበር፤ የሠራተኛ ክስ የዳኝነት እንኳ አይከፈልበትም፤ ምን ነክቶህ ነው?» አለው። ስድ! ታላቁን እንዲህ ይናገራል?

ደግነቱ ሁሉም አላለፈም። ከስንብቱ ጋር የተያያዘውን ክፍያ ለመጠየቅ 6 ወር አለ፤ ጎረቤቴ ገና ሁለት ወር ከምናምን ይቀረዋል። ትናንት በደጁ ሳልፍ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፣ ጀበናውም ተጥዷል።

«ግባ እንጂ!» አለኝ፤ «ገና አቦል ነው።»