እርማት፦ ቁጠባ ምዕራብ አፍሪካ የገባው ከማይክሮፋይናንስ ጋር አይደለም

የምዕራብ አፍሪካ የገበያ ሴቶች ቁጠባን የተማሩት ከባንግላዴሽ በተቀዳው ማይክሮፋይናንስ ነው የሚለው አስተያየት እርማት ያስፈልገዋል። የባንግላዴሹ የማይክሮፋይናንስ ባንክ ግራሚን በ1983 እ.ኤ.አ. ከመቋቋሙ አስቀድሞ በሰሜን ጋና፣ ጂራፓ፣ በ1955 የቁጠባና ብድር ማኅበር ተመሥርቶ ነበር፤ የናይጄሪያዎቹ ዮሩባዎች ኤሱሱ (የእኛው እቁብ ዘመድ ማለት ይቻላል) ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። በጋና ሱሱ የሚባለው የዕለት ቁጠባ ሰብሳቢ በየዕለቱ ገበያውን እየዞረ ከእያንዳንዷ ነጋዴ የተስማሙበትን ገንዘብ ተቀብሎ በካርዷ ላይ ምልክት ያደርግና፣ በወሩ መጨረሻ ጠቅላላውን ሲመልስ የአንድ ቀኑን ለድካሙ ያስቀራል። ቆጣቢዋ ወለድ አታገኝም፤ እንዲያውም ላስቀመጠችው ትከፍላለች። የማይክሮፋይናንስ ቅርንጫፎች በዚህ ላይ የጨመሩት በዋናነት ብድሩን ነው፤ በርካታ የጋና የገጠር ባንኮችም ኋላ ይህንኑ የሱሱ አሠራር ወስደው ሠራተኞቻቸውን ወደ ገበያ መላክ ጀምረዋል።